ቆዳ ላይ ቅርጽ ለማስተማር ደጋግሞ የሚያገለግል ቴምፕሌት፦ ከየት ይገኛል? እንዴትስ ይሠራል?

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው። «ለጀማሪዎች ቆዳ ላይ ቅርጽ ማውጣት አስተምራለሁ። ክፍሉ አሥራ ሁለት ተማሪ አለው። ያለን ጊዜ ሁለት ሰዓት ያህል ነው፤ ግማሹ ግን ንድፉን ቆዳው ላይ ለማሳረፍ ብቻ ያልቃል። የምሰጣቸው ወረቀት ደግሞ እርጥብ ቆዳ ላይ ሁለቴ ካረፈ ይቀደዳል። መስመራቸው ጎልቶ የወጣ የፕላስቲክ ቴምፕሌቶች (ንድፍ ማሳረፊያዎች) እንደነበሩ ሰምቻለሁ። ከየት ይገኛሉ? ራሴ ልሠራቸውስ እችላለሁ?»

ይችላሉ። እንዲያውም ለማስተማር ከሆነ ራስዎ የሚሠሩት ይሻላል ባይ ነኝ። ለምን እንደሆነ ወደ በኋላ ይገባዎታል። መጀመሪያ ግን ስለሰሟቸው ቴምፕሌቶች ላውራ።

ወሬው እውነት ነው። ታንዲ ሌዘር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ «ክራፍትኤይድ» በሚል ስም ለብዙ ዓመታት ሸጧቸዋል። ብርሃን የሚያሳልፍ ፕላስቲክ ናቸው። በአንድ ፊታቸው የንድፉ መስመር ጎልቶ ወጥቷል። ይህን ፊት እርጥበት የያዘ ቆዳ ላይ ደፍተው ያስቀምጡታል፤ ጀርባውን ያሹታል፤ ሲያነሱት ንድፉ ቆዳው ላይ ቀርቷል። ሥራው የደቂቃ ነው። ዛሬ አብዛኞቹ ከምርት ወጥተዋል። የሚገኙት ባብዛኛው በሁለተኛ እጅ ነው፤ የእጅ ሥራ ያቆሙ ሰዎች ዕቃቸውን ሲሸጡ ወይም ያገለገለ ዕቃ በሚሸጥባቸው ድረ ገጾች ላይ።

ካገኙ ሳያዩ አይግዙ። መስመሩን በጥፍርዎ ይዳስሱት። ጥፍር ያልያዘውን ቆዳም አይይዘውም። ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ ሲያስቀምጡት ጠርዙ ከተነሳ ሙቀት አጣሞታል ማለት ነው፤ ይተዉት። ሲያጥቡት ለብ ባለ ውሃና በሳሙና ብቻ ይጠቡት። የፈላ ውሃና አሴቶን ጠላቶቹ ናቸው።

አሁን ወደ ዋናው ችግር። እነዚህ ቴምፕሌቶች የተዘጋጁት ዕቃ ሠርቶ ለሚጨርስ ሰው ነው። ብዙዎቹ የቀበቶ፣ የዋሌትና የቦርሳ ንድፎች ናቸው፤ አበባና ሐረግ ጥቅጥቅ ብሎባቸዋል። ሸሪዳን በምትባለው የዋዮሚንግ ከተማ ስም የሚጠራውን የአበባ ስልት አይተውት ይሆናል። ሐረጉ በክብ በክብ ይጠመዘዛል፤ ባዶ ቦታ የለም ማለት ይቻላል። በጣም ያምራል። ቢላ ገና እጁ ላይ ላልተረጋጋ ተማሪ ግን ከባድ ነው። ሁለት መስመሮች በ2 ሚሊ ሜትር ልዩነት ጎን ለጎን ሲሄዱ፣ ተማሪው የአንዱን ጎን በቤቭለር (ከቁርጡ አጠገብ ያለውን ቆዳ ዝቅ በሚያደርገው መምቻ መሣሪያ) ሲደፈጥጥ የሌላውን አብሮ ያበላሸዋል። ያኔ «እኔ እጅ የለኝም» ብሎ ይደመድማል። ጥፋቱ ግን የንድፉ ነው።

ስለዚህ ከፕላስቲኩ በፊት ንድፉ ይቀድማል።

የንድፍ ምንጭ ሞልቷል። ኒው ዮርክ ያለው ሜትሮፖሊታን ሙዚየም በ2017 የባለቤትነት መብታቸው ያለፈባቸውን ሥራዎች ፎቶዎች ማንም ያለ ፈቃድ እንዲጠቀምባቸው ክፍት አድርጓል። አምስተርዳም ያለው ራይክስ ሙዚየምም እንዲሁ ብዙ ምስል በነፃ ያስወርዳል። ሲፈልጉ የቆዳ ሥራ ብቻ አይፈልጉ። በመስመር የተሠራ ነገር ይፈልጉ፦ የእንጨት ቅርጽ ኅትመት፣ የብረት አጥር፣ የወለል ጡብ፣ ዳንቴል፣ የድሮ የዕፅዋት ሥዕል። ፎቶግራፍ የመጨረሻ ምርጫዎ ይሁን፤ ጥላ እንጂ መስመር የለውም። ከሁሉ የሚቀርበው ምንጭ ግን ደጅ ያለ ቅጠል ነው። መጽሐፍ ውስጥ አድርገው ያድርቁት፣ ወረቀት ላይ ያስቀምጡት፣ ዙሪያውን በእርሳስ ይሳሉ። የማንንም መብት አይነካም፤ ተማሪውም የሚያውቀውን ቅጠል ነው የሚቀርጸው።

ሰው ሠርቶ የሚሸጠውን ንድፍ ከገዙ ፈቃዱን ያንብቡ። «ለግል ጥቅም» የሚል ከሆነ ለአሥራ ሁለት ተማሪ አባዝቶ ማደል የግል ጥቅም አይደለም። በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ (ባለቤቱ ሥራውን ሌሎች እንዲጠቀሙበት አስቀድሞ በሚፈቅድበት) የወጣ ሆኖ ለንግድ አይውልም የሚል ምልክት ካለው፣ እርስዎ ደግሞ በክፍያ የሚያስተምሩ ከሆነ ባለቤቱን ይጠይቁ። አጭር መልእክት ይበቃል፤ ለማስተማሪያ ሲባል እሺ የሚል ብዙ ሰው አለ። የተገዛን የፕላስቲክ ቴምፕሌት ቅጂ አውጥቶ ማባዛት ግን ነውር ነው። አያድርጉት።

ምስሉን ካገኙ በኋላ እንደገና መሣል አለበት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይቸኩላል። አንድ ሥዕል ጥሩ ሥዕል ስለሆነ ብቻ ለቢላ አይሆንም። እኔ ለእያንዳንዱ መስመር አንድ ጥያቄ አቀርባለሁ፦ ይህ ሲቆረጥ የትኛው ጎን ነው ዝቅ የሚለው? ቆዳ ላይ ቅርጽ ጎልቶ የሚታየው ከቁርጡ አንዱ ጎን ሲደፈጠጥ፣ ሌላው ደግሞ ከፍ ብሎ ሲቀር ነው። መልስ ያለው መስመር ቴምፕሌቱ ላይ ይግባ። መልስ የሌለው ይውጣ።

አንድ ጽጌረዳ እንውሰድ። ከላይ ያለው የአበባ ቅጠል ከሥሩ ካለው ጋር የሚገናኝበት መስመር አለ። የትኛው ዝቅ ይላል? ከሥር ያለው። መስመሩ ይቆያል። ከዚያ በአበባው ቅጠል ላይ ሠዓሊው ለጥላ ብሎ የጫራቸው ሰባት ስምንት ጭረቶች አሉ። የትኛው ጎን ዝቅ ይላል? የትኛውም። ይውጡ፤ ያ የጥላ ማኅተም (በመዶሻ ተመትቶ ቆዳው ላይ ቅርጽ የሚተው መሣሪያ) ሥራ ነው። የቅጠሉ መካከለኛ ደም ሥርስ? ይህ በመጨረሻ ለማሳመሪያ በነፃ እጅ የሚቆረጥ ነው። ቴምፕሌቱ ላይ ካስገቡት ተማሪው ከሁሉ በፊት ይቆርጠውና ከዚያ በኋላ ማኅተሙ ይረጋግጠዋል። ይውጣ። አርባ መስመር የነበረው ጽጌረዳ እንዲህ ሲጣራ አሥራ አራት ላይ ቢደርስ አይገርምም። ሲያዩት ባዶ ይመስላል። ቆዳው ላይ ግን ሙሉ ነው።

ቀጥሎ መጋጠሚያዎቹን ይዩ። ግንዱ ከቅጠሉ ሥር በሚገባበት ቦታ የግንዱ መስመር የቅጠሉን መስመር መንካት የለበትም። 1 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ይተዉ። ሁለት ቁርጥ ከተነካኩ ወይም ከተሻገሩ ማዕዘኑ ላይ ያለው ቆዳ ይላጣል። አንዴ ከተላጠ ደግሞ ማኅተም አይመልሰውም። ይህን በቃል ሃያ ጊዜ ከመናገር ክፍተቱን ንድፉ ላይ መተው ይሻላል። ተማሪው የሚያየውን ነው የሚከተለው። መስመሩ ካለቀበት ላይ እሱም ያቆማል።

ለጀማሪ በመስመሮች መካከል ቢያንስ 4 ሚሊ ሜትር ይኑር። ንድፉ በጠቅላላ ከ8 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ጥሩ ነው። ኩርባዎቹ ረዘም ይበሉ። ዲያሜትሩ ከ1 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ክብ አይስጧቸው። ስዊቭል ቢላ (መስመሩ ቆዳው ላይ የሚቆረጥበት ቢላ) አናቱ ይዞር እንጂ እንዲህ ጠባብ ቦታ ላይ ለማዞር የሰለጠነ ጣት ይፈልጋል። ትንሽ ክብ ካስፈለገ በማኅተም ይመታ።

ኮምፒውተር የሚጠቀሙ ከሆነ ኢንክስኬፕ የተባለው የመሣያ ፕሮግራም ነፃ ነው። አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ምስሉን በራሱ ወደ መስመር እንዲቀይርልዎ ሲያዙት ብዙውን ጊዜ የአንዱን መስመር ሁለት ጠርዝ ለየብቻ ያወጣል። አንድ ቁርጥ የነበረው ሁለት ይሆናል። ይህን ከማጽዳት ምስሉን ከሥር አስቀምጦ በላዩ በእጅ መሣል ያፈጥናል። እዚያው ገጽ ላይ ልኩ 5 ሴንቲ ሜትር የሆነ ትንሽ መስመር ይጨምሩ። ካተሙ በኋላ በማስመሪያ ይለኩት። 5 ካልሆነ ፕሪንተሩ ገጹን ለማጣጣም ብሎ አሳንሶታል ወይም አሳድጎታል፤ መቶ በመቶ ብለው እንደገና ያትሙ።

አሁን ወደ ቴምፕሌቱ። ሁለት ዓይነት ይሥሩ እላለሁ።

የመጀመሪያው የፊልም ነው። ለአርክቴክት ሥራ የሚውለው የፖሊስተር ፊልም፣ ማይላር የሚሉት፣ ለዚህ ተስማሚ ነው። ውሃ አይጠጣም፤ እርጥበት አያስረዝመውም። አንዱ ፊቱ ሻካራ ነው፤ እርሳስ የሚይዘው እሱ ነው። ከ0.05 እስከ 0.1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ይበቃል። ሻካራውን ፊት ወደ ላይ አድርገው ይሣሉበት፤ እርሳሱ ቆዳውን እንዳይነካ። ካጡ ለድሮ ፕሮጀክተር ይውል የነበረው ግልጽ ፕላስቲክም ይሆናል፤ በማይለቅ ማርከር ይሣሉበት። የታተመ ወረቀት ላሚኔት ማድረግም ይቻላል። ሽፋኑ ግን ከሚገኘው ሁሉ ቀጭኑ ይሁን፤ ወፍራም ከሆነ መስመሩ ደብዝዞ ነው የሚያልፈው። ወረቀቱን ከሽፋኑ በዙሪያው 5 ሚሊ ሜትር አሳጥረው ይቁረጡት፤ ያ ጠርዝ ካልታሸገ ውሃ ይገባል።

ተማሪው ፊልሙን ቆዳው ላይ አድርጎ በላዩ የሚሄድበት መሣሪያ ጫፉ ድቡልቡል ይሁን። ቀለሙ ያለቀ እስክሪብቶ ይሠራል፤ ማለቁን ግን ወረቀት ላይ ጭረው ያረጋግጡ። የእስክሪብቶ ቀለም ቆዳ ላይ ካረፈ አይለቅም። ካርቦን ወረቀትም በፍጹም አይጠቀሙ፤ በተመሳሳይ ምክንያት።

ፊልም ላይ በቀለም ማስተማር ይቻላል፤ እኔ የምወደው ይህን ነው። የሚቆረጠውን በጥቁር ይሣሉ። ከእያንዳንዱ መስመር በሚደፈጠጠው ጎን አጫጭር ቀይ ጭረቶች ያድርጉ። ተማሪው የሚከተለው ጥቁሩን ብቻ ነው። ቤቭለር ሲይዝ ግን ፊልሙን ከፊቱ አስቀምጦ ቀዩን ያነባል። «የትኛው ጎን ነው?» እያለ አሥራ ሁለት ሰው እጅ አያወጣብዎትም።

ፊልም ግን ጊዜዎን ሙሉ በሙሉ አይመልስም። እያንዳንዱ ተማሪ መስመሩን መከተሉ አይቀርም። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ክፍሎች ሁለተኛው ዓይነት፣ ጎልቶ የወጣ መስመር ያለው ሰሌዳ፣ ያስፈልጋል።

ስሪ-ዲ ፕሪንተር የሚያገኙ ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው። ኢንክስኬፕ ላይ የሣሉትን መስመር ውፍረቱን 0.8 ሚሊ ሜትር አድርገው ወደ ቅርጽ ይቀይሩት። 0.8 የምለው ብዙዎቹ ፕሪንተሮች ፕላስቲኩ የሚወጣበት አፋቸው 0.4 ስለሆነ በሁለት ዙር በደንብ ስለሚሞሉት ነው። ፋይሉን ኤስቪጂ በሚባለው የፋይል ዓይነት ያስቀምጡትና ቲንከርካድ በተባለው የስሪ-ዲ ንድፍ መሥሪያ ድረ ገጽ ላይ ይክፈቱት፤ እሱም ነፃ ነው። መሠረቱን 3 ሚሊ ሜትር፣ መስመሩን ከመሠረቱ በላይ 1 ሚሊ ሜትር ያድርጉ። ከዚህ የቀጠነ መሠረት ሲያሹት ይታጠፋል።

ከማተምዎ በፊት ምስሉን እንደ መስታወት ያዙሩት። ሰሌዳው ተደፍቶ ስለሚያርፍ ያልዞረው ተገልብጦ ይወጣል። ይህን የምለው ከደረሰብኝ ነው። አንድ ጊዜ ለእያንዳንዱ ተማሪ የስሙን የመጀመሪያ ፊደል ያለበት ሰሌዳ አዘጋጀሁ። ማዞሩን ረሳሁ። አበባ ቢዞር ማንም አያውቅም። «በ» እና «ሰ»ም ብዙ አያሳብቁም። «ገ» እና «ረ» የደረሳቸው ልጆች ግን ቆዳቸውን ይዘው ዝም ብለው አዩኝ። በጣም አዘንኩ። ያ ቆዳ አንዴ ምልክት ከያዘ ያዘ ነው። ከዚያ ወዲህ ሰሌዳ ሁሉ ከክፍል በፊት ብጣሽ ቆዳ ላይ ይሞከራል።

ታትሞ ሲወጣ መስመሮቹን በስስ ብርጭቆ ወረቀት ለስለስ ያድርጓቸው። የመሠረቱን ጠርዝም ያድበልብሉ። አለበለዚያ ተማሪው ዳር ላይ ሲጫን ሰሌዳው ይጋደልና ጠርዙ ራሱ ይታተማል። ሰሌዳው ብርሃን ስለማያሳልፍ የት እንዳረፈ አይታይም። መፍትሔው መሠረቱን ልክ በሚሠራው ቆዳ መጠን መቁረጥ ነው። ማዕዘን ከማዕዘን ከገጠመ ንድፉ መሃል ላይ አርፏል።

ፕሪንተር ከሌለ በእጅም ይሆናል። ለኅትመት ሥራ የሚውለውን ሊኖሊየም (በቀላሉ የሚቀረጽ ንጣፍ) ይውሰዱ። ንድፉን ይሣሉበትና በቪ ቅርጽ መቦርቦሪያ ከ1 እስከ 1.5 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ያለው ቦይ ያውጡ። ዙሪያውን በሸክላ ጭቃ ወይም በፕላስተር ይከልሉ። ቦዩን ጨምሮ ሙሉውን በስሱ ሰም ወይም ቫዝሊን ይቀቡ፤ በደንብ፣ ምንም ሳይዘሉ። ከዚያ ኢፖክሲ ያዘጋጁ፤ ሁለት ፈሳሾች ሲቀላቀሉ የሚጠነክር ሙጫ ነው። መጀመሪያ ጥቂቱን በብሩሽ ቦዩ ውስጥ ያስገቡ፤ አየር እንዳይቀር። ከዚያ ቀሪውን ያፍሱ። አንድ ቀን ሙሉ ይተዉት። ሲላቀቅ ቦዩ ጎልቶ መስመር ሆኗል። እዚህ ንድፉን ማዞር አያስፈልግም፤ ሲፈስ አንዴ ዞሯል፣ ቆዳው ላይ ሲያርፍ ወደ ቀናው ይመለሳል። ጓንት ያድርጉ፤ መስኮት ይክፈቱ። ያልደረቀ ኢፖክሲ የእጅዎን ቆዳ ሲነካካ አለርጂ ሊያመጣ ይችላል። ጥሩው ነገር ከአንዱ ሊኖሊየም ብዙ ሰሌዳ ማውጣት መቻሉ ነው።

ሌዘር ማሽን ያለው ሰው ካወቁ አክሪሊክ ላይ በመስመሮቹ ዙሪያ ያለውን አስቆፍረው መስመሩን ማስቀረት ይችላሉ። ጊዜ ይወስዳል፣ ውጤቱ ግን ንጹሕ ነው፤ ብርሃንም ያሳልፋል። ፒቪሲ የሆነ ፕላስቲክ ግን ማሽኑ ውስጥ እንዳይገባ። ሲቃጠል የሚያወጣው ጋዝ ሳንባም ማሽንም ይጎዳል።

ክፍል ውስጥ ስለ አጠቃቀሙ ጥቂት ልበል። ቆዳው በዕፅዋት የለፋ ይሁን፤ በክሮም የለፋ ቆዳ ምልክት አይዝም። ከ3 እስከ 3.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ለጀማሪ ደግ ነው፤ ቢላው ሲበዛ ግማሹን ውፍረት ብቻ እንዲገባ ቦታ ይሰጣል። ከማርጠብ በፊት የሥጋውን ጎን በሰፊ ፕላስተር ይሸፍኑት፤ ሲመታ አይለጠጥም። ከዚያ ፊቱን በስፖንጅ ያርጥቡና ይጠብቁ። ቀለሙ ወደ ነበረበት መመለስ ሲጀምር፣ ጉንጭዎ ላይ ሲያደርጉት ግን ገና ሲቀዘቅዝ፣ ያኔ ነው ሰዓቱ።

ሰሌዳውን ያስቀምጡ፤ በአንድ እጅ ይጫኑት። በሌላው እጅ በማንኪያ ጀርባ በትንንሽ ክብ ከመሃል ወደ ዳር ይሹት። ወይም በሁለት ጣውላ መካከል አድርገው በመያዣ ጠበቅ አድርገው ግማሽ ደቂቃ ይተዉት። ይህ ለአሥራ ሁለት ተማሪ ይፈጥናል፤ ግፊቱም እኩል ነው። ሰሌዳውን በአንድ ጊዜ አያንሱ። አንዱን ጎን ብቻ ቀና አድርገው ይዩ፤ ደብዛዛ ከሆነ መልሰው ያስተኙትና ያሹ። አንዴ ከተነሳ በኋላ በትክክል መመለስ ለእኔም ያስቸግረኛል።

አንድ ማስጠንቀቂያ። እርጥብ ቆዳ ላይ ብረት አይቀመጥ። በዕፅዋት የለፋ ቆዳ ውስጥ ያለው ታኒን የተባለው ንጥረ ነገርና ብረት ሲገናኙ ጥቁር ሰማያዊ ነጠብጣብ ይወጣል። አንድ ክፍል ሙሉ ፊልማቸውን በብረት ቆንጣጭ አስይዘው የሠሩ ተማሪዎች ነበሩኝ። ማግስቱን በየቆዳው ጠርዝ ላይ የቆንጣጩ ጥርስ ጠቁሮ ተቀምጧል። የሎሚ ጭማቂ ትንሽ አደበዘዘው፤ ጨርሶ አላጠፋውም። የፕላስቲክ መቆንጠጫ ይግዙ። ጣውላዎቹን የሚያጠብቀው የብረት መያዣም ቆዳውን እንዳይነካ ያድርጉ።

ቀበቶ ሊያሠሩ ከሆነ ሙሉውን ርዝመት አይሣሉ። የሚደጋገመውን አንድ ክፍል ብቻ ይሥሩ። የሚቀረጸው 84 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ የ12 ሴንቲ ሜትር ክፍል ሰባት ጊዜ ልክ ይገባል። በሁለቱም ጫፍ የመጋጠሚያ ምልክት ያድርጉ። ሐረጉ በአንዱ ጫፍ የወጣበት ቁመት በሌላው ጫፍ ከሚገባበት ጋር እኩል ይሁን።

ለመጀመሪያው ክፍል ምን ይሥሩ ካሉኝ፣ ከላይ ያልኩት ደጅ ያለ ቅጠል፣ አንድ ብቻ፣ ከነግንዱ፣ 8 ሴንቲ ሜትር። ስድስት ሰባት መስመር አይበልጥም። ያንኑ ቅጠል ለሁለተኛው ክፍል ሌላ ቅጠል ከሥሩ አስገብተው ይሣሉት፤ ለሦስተኛው አበባ ይጨምሩበት። በዚህ መንገድ ተማሪው እጁ የለመደውን መስመር ይዞ ነው ወደ አዲሱ የሚሄደው። በየሰሌዳው ጀርባ የክፍሉን ቁጥርና የመስመሮቹን ብዛት ይጻፉ። ማዕዘኑ ላይ ቀዳዳ አውጥተው ፀሐይ በማያገኘው ግድግዳ ላይ ይስቀሏቸው። የመጀመሪያውን ንፁህ ሥዕል ግን ለማንም አያውሱ። ሰሌዳ ሲሰበር ወይም ፊልም ሲያረጅ የሚመለሱት ወደ እሱ ነው።